በአንድ ጣራ ሥር የነበሩ ሁለት ብቸኞች

ብቻውን መኖርና ብቸኛ መሆን በቃል የተቀራረቡ ቢመስሉም በምሥጢር የተራራቁ ናቸው። ባሕታዊ ከሰው ተለይቶ በዋሻ ቢቀመጥ ፈቅዶ ነው፤ የሚነጋገረው አምላክ፥ የሚጠብቀው ተስፋ አለውና ብቻውን ነው እንጂ ብቸኛ አይባልም። ብቸኛ የሚባለው በሰው መካከል እየኖረ፥ በአንድ ገበያ እየገዛ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየጸለየ፥ ስሙን ጠርቶ እንዴት አደርህ የሚለው ያጣ ሰው ነው። የፊተኛው ሰውን የሸሸ ነው፤ የኋለኛው ግን ሰው የሸሸው ነው። ስለዚህ ስለ ኋለኛው ሰው በየአገሩ ብዙ ተጽፏል፥ ብዙም ተዚሟል። ከተዜመውም ሁሉ ነገሩን በአጭር ቃል አጥርቶ ያሳየ አንድ የእንግሊዝ ዘፈን አለ፤ ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም።

ዘፈኑ «ኤሊነር ሪግቢ» ይባላል። ያወጡትም ሊቨርፑል በምትባለው በእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወልደው ያደጉ አራት ወጣቶች፥ ይኸውም ጆን ሌነን፥ ፖል ማካርትኒ፥ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር ናቸው፤ ማኅበራቸውም ቢትልስ ይባል ነበር። ዘፈኑ በሸክላ ታትሞ ለሕዝብ የወጣው በ1966 ዓ.ም. በኦገስት 5 ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

«ካህን ከሮክ ዘፋኞች ጋራ ምን ጉዳይ አለው?» የሚል አንባቢ ቢገኝ አይፈረድበትም። በዚያው ዓመት ጆን ሌነን፥ ማኅበራቸው ከኢየሱስ ይልቅ ዝነኛ ሆኗል ብሎ ለጋዜጣ በተናገረው ቃል ምክንያት በአሜሪካ ብዙ ክርስቲያኖች ተቈጥተው ሸክላዎቻቸውን እስከ ማቃጠል ደርሰው ነበር፤ እርሱም በዚያው በኦገስት ወር በቺካጎ ከተማ በጋዜጠኞች ፊት ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ነገር ግን በዚሁ ወር የወጣው ይህ ዘፈን ቤተ ክርስቲያንን አይሰድብም፥ አያላግጥባትምም፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል እንጂ። ጠያቂው ባይወደድ እንኳ ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ መልስ ይገባዋል።

የዘፈኑ ታሪክ አጭር ነው። በእንግሊዝ አገር ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዘመድና ወዳጅ በረከት ይሁንላችሁ፥ ዘር ይብዛላችሁ ለማለት ሩዝ ይረጭባቸዋል። ሰርጉ ተበትኖ ሁሉም ወደ ግብዣው ከሄደ በኋላ አንዲት ሴት መሬት የወደቀውን ሩዝ ትለቅማለች። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አንድ ካህን አለ፤ ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ የተቀደደ ካልሲውን ይጠቅማል፥ የሚሰማው የሌለውንም ስብከት ያዘጋጃል። በመጨረሻ ሴቲቱ ትሞታለች፤ ካህኑ ይቀብራታል፤ ለቀስተኛ ሆኖ የመጣ አንድ ሰው እንኳ የለም። ካህኑም የመቃብሩን አፈር ከእጁ አራግፎ ይመለሳል። ሌላ ነገር የለም። ከሁለቱ ታሪክ አልፎ የሚሰማው፥ እንዲህ ያሉ ብቸኞች ሁሉ ከወዴት እንደ መጡ፥ ቦታቸውም ወዴት እንደ ሆነ የሚጠይቅ የሐዘን ቃል ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በዚያን ጊዜ 23 ዓመት በሆነው፥ ገንዘብና ዝና በከበበው በፖል ማካርትኒ ልብ እንዴት ተፀነሰ? የነገሩ ሥር በልጅነቱ ይገኛል። እናቱ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ የሌላውን ሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች ሴት የራሷን ልጆች አሳድጋ ሳትጨርስ በ1956 ዓ.ም. በካንሰር በሽታ ሞተች። ልጁ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ሕፃን ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2021 ዓ.ም. ስለ ግጥሞቹ ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዘፈኑ ውስጥ የሚነሣው የፊት ቅባት ዕቃ እናቱ ትወደው ከነበረው ቅባት ትዝታ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ በዚያች ባይተዋር ሴት ፊት ላይ የእናቱ ጥላ ያረፈበት ስፍራ አለ ማለት ይቻላል።

በዚያው መጽሐፍ ሌላም ነገር ተርኳል። ቦይ ስካውት በነበረበት ጊዜ፥ ልጆቹ በየዓመቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጥቂት ሥራ እየሠሩ ሳንቲም የሚቀበሉበት ልማድ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ አሮጊቶችን ያውቅ ነበር። ከነርሱ አንዲቱ ብቻዋን የምትኖር ነበረች፤ እርሱም ገበያ እየወጣ የሚያስፈልጋትን ይገዛላት ነበር። ዕቃውን አስረክቦ እንደ መላላኪያ ፈጥኖ አልተመለሰም፤ በወጥ ቤቷ ተቀምጦ የወጣትነቷን ዘመን ታሪክ ያዳምጥ፥ የጥንቱን ዓይነት ራዲዮኗንም ይመለከት ነበር። ያን ሁሉ መስማቱ ነፍሱን እንዳበለጸገው፥ በኋላም ለሚጽፈው ዘፈን እንደ ረዳው በግልጽ ተናግሯል። የዘፈኑ የመጀመሪያ ደረጃ ያች ወጥ ቤት ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የስሞቹም ነገር የሚያስደንቅ ነው። ማካርትኒ ለሴቲቱ በመጀመሪያ ሌላ ስም ሰጥቷት ነበር፤ ነገር ግን አልጣመውም። ኤሊነር የሚለውን፥ በ1965 ዓ.ም. በወጣው «ሄልፕ» በተባለው ፊልም አብራቸው ከሠራችው ተዋናይ ከኤሊነር ብሮን፥ ሪግቢ የሚለውንም በብሪስቶል ከተማ ካየው የአንድ ንግድ ቤት ሰሌዳ እንደ ወሰደው ተናግሯል። ካህኑን ደግሞ በመጀመሪያ በራሱ የቤተ ሰብ ስም ማካርትኒ ብሎት ነበር። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ወላጅ አባትም ካህንም በአንድ ቃል ይጠራሉና፥ ሰሚው የገዛ አባቴን እንዳይመስለው ብሎ ፈራ። ስለዚህ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ ተገልጦ ከማካርትኒ ቀጥሎ ማኬንዚ የሚል ስም ተገኘና ካህኑ አባ ማኬንዚ ሆነ።

ስሞቹ በዚህ አኳኋን ከተዋናይ፥ ከሱቅ ሰሌዳና ከስልክ ማውጫ ተለቃቅመው የተገኙ ሲመስሉ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ በሊቨርፑል አጠገብ ዉልተን በተባለው ሰፈር ሌላ ነገር ታየ። በዚያ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በመቃብሩም ስፍራ ኤሊነር ሪግቢ የሚል ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል፤ ይህች ሴት በ1939 ዓ.ም. በኦክቶበር 10 ቀን በ44 ዓመቷ ያረፈች ናት። ከዚያም ሳይርቅ ማኬንዚ የሚል ስም ያለበት ሌላ ድንጋይ አለ። ማካርትኒ ስሙን አስቦ ከዚያ እንዳልወሰደው፥ ነገር ግን በልጅነቱ በዚያ ሲመላለስ ዓይኑ አይቶት ልቡ ሳያውቅ አኑሮት ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ሲነበብ ግን በመቃብር ያለችው ሴት ባል የነበራት፥ ከዘመዶቿም ጋራ በአንድ ስፍራ ያረፈች ናት። ብቸኛ ያልነበረችው ሴት ስሟ የብቸኞች ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የዉልተን ቤተ ክርስቲያን በዚህ ብቻ አይታወቅም። በ1957 ዓ.ም. በጁላይ 6 ቀን፥ ቅዳሜ፥ ደብሩ ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር የ16 ዓመቱ ጆን ሌነን ከጓደኞቹ ጋራ ለሕዝቡ ይዘፍን ነበር። እርሱ በልጅነቱ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ፥ ከመዘምራኑም ጋራ የዘመረ ነበር። የሁለቱም ወዳጅ የሆነ አንድ ልጅ የ15 ዓመቱን ፖል ማካርትኒን ይዞት መጣና ከመንገዱ ማዶ ባለው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አስተዋወቃቸው። ማካርትኒ እናቱን ካጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ሌነንም በሚቀጥለው ዓመት እናቱን በመኪና አደጋ አጣ። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ሐዘን ይዘው የአንዱ ኑሮ ለአንዱ የሚገባው ሆኑ። እንግዲህ በአንድ ደብር፥ ከመንገድ ወዲህ የብቸኝነት ምልክት የሆነው ስም በድንጋይ ተጽፎ ነበር፤ ከመንገድ ወዲያ ደግሞ ዓለም የሰማው ወዳጅነት ተጀመረ። ወዳጅነቱን ያስጀመረው ታላቅ ተአምር አልነበረም፤ አንድ ሰው አንዱን በእጁ ይዞ «ና፥ ከዚህ ሰው ጋራ ላስተዋውቅህ» ማለቱ ብቻ ነበር።

ስለ ብቸኝነት የተነገረው ይህ ቃልም በብቸኝነት አልተሠራም። ማካርትኒ የጀመረውን ይዞ ወደ ሌነን ቤት በሄደ ጊዜ በዚያ የነበሩት ሁሉ የየድርሻቸውን ጨመሩበት። በመክፈቻው ያለው የሐዘን ጥሪ የሃሪሰን፥ የካልሲው ነገር የስታር ሐሳብ መሆኑ ይነገራል። ከልጅነት ወዳጆቻቸውም አንዱ፥ ሴቲቱ ትሙትና ካህኑ ይቅበራት ያልሁ እኔ ነኝ ብሏል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማኅበሩ ሲፈርስ ሌነንና ማካርትኒ ከግጥሙ የማን ድርሻ እንደሚበዛ ሳይስማሙ ቀሩ፤ በአንድነት የተሠራውን ሥራ መለያየት እንዲህ ያከፋፍለዋል።

የዜማው አሠራር ከነገሩ ጋራ ይስማማል። በ1966 ዓ.ም. በአፕሪል 28 ቀን በለንደን በአቢ ሮድ በነበረው የድምፅ መቅረጫ ቤት ስምንት ባለ አውታር ዕቃ የሚጫወቱ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ አራት ቫዮሊን፥ ሁለት ቪዮላ፥ ሁለት ቼሎ። የሚጫወቱትን ያዘጋጀላቸው ጆርጅ ማርቲን ነው። ከአራቱ ወጣቶች አንዱም ጊታር አልያዘም፥ ከበሮም አልመታም፤ ከነርሱ በኩል የተሰማው የዘፈን ድምፅ ብቻ ነው። የድምፁ ባለሙያ ማይክሮፎኑን ከአውታሩ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ስላቀረበው ተጫዋቾቹ አልወደዱትም ነበር፤ ነገር ግን የአውታሩ ድምፅ ያለ ልስላሴ፥ እንደ ተሳለ ቢላዋ ሆኖ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ዜማው ከሁለት የኅብረ ድምፅ መሠረት እምብዛም አይወጣም፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እንደሚመላለስ ሰው ወጥቶ ወደዚያው ይመለሳል። ይህ ሸክላ በእንግሊዝ አገር አራት ሳምንት ከሁሉ በላይ ሆኖ ተሸጠ። በሸክላው በሌላው ገጽ የታተመው ወዳጆች ሁሉ በአንድ መርከብ በደስታ ስለሚኖሩበት ኑሮ የሚናገር የልጆች ዘፈን ነበር፤ አንዱን ገጽ የሰማ ሸክላውን ገልብጦ ሌላውን ይሰማል።

ያለ ሰሚ የሚሰብከው ካህን ነገር ለዘፋኞቹ ራሳቸው እንግዳ አልነበረም። በዚያን ዘመን በየአደባባዩ ሲዘፍኑ የተመልካቹ ጩኸት እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ የገዛ ድምፃቸውን እንኳ መስማት ተስኗቸው ነበር። «ኤሊነር ሪግቢ» ከወጣ አንድ ወር ሳይሞላ በኦገስት 29 ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከዘፈኑ በኋላ ዳግመኛ ለተመልካች በአደባባይ እየዞሩ መዝፈንን ተዉ፤ ይህንንም ዘፈን በአንድነት ሆነው በአደባባይ አልዘፈኑትም። እንግዲህ ካህኑ ሰሚ ያጣው ሕዝብ ስላልመጣ ነው፤ ዘፋኞቹ ሰሚ ያጡት ሕዝብ ስለ በዛ ነው። ባዶ ቤትና የሞላ አደባባይ በአንድ ነገር ተካከሉ።

አሁን ወደ ሴቲቱና ወደ ካህኑ መመለስ ይገባል፤ የነገሩ ፍሬ በነርሱ ዘንድ ነውና። ዘፈኑን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ስለ ሁለት ብቸኞች ያዝናል። ደጋግሞ የሰማ ግን ሁለቱ ብቸኞች በአንድ ጣራ ሥር እንደ ነበሩ ያስተውላል። ሩዙ የወደቀው በካህኑ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስብከቱ የሚሰበከውም ሩዙ በተለቀመበት ስፍራ ነው። እርሷ የሚጠይቃት፥ እርሱ የሚሰማው አጥተው ኖሩ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ በዚህ ግን አንዱ ለአንዱ መድኃኒት የሚሆኑ ሁለት ሕሙማን በአንድ ቤት ሳሉ ሳይተዋወቁ ቀሩ። የተገናኙት እርሷ መናገር በማትችልበት፥ እርሱም ሊጠይቃት በማይችልበት ቀን ነው።

ይህን አይቶ በካህኑ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይሳሳታል። ካህኑ ሰነፍ አልነበረም። ሌሊቱን ተቀምጦ ስብከቱን ያዘጋጃል፤ የሚሰማ የለም ብሎ ሥራውን አልተወም። የቀብሯንም ቀን ሌላው ሁሉ ሲቀር እርሱ ተገኝቷል። እንግዲህ ጉድለቱ ወዴት ነው? ስብከቱን ያዘጋጅ የነበረው ለሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ግን አልነበረም፤ የነበረችው አንዲት ሴት ናት። ያልመጡትን እየጠበቀ የመጣችውን አላያትም። ብዙዎችን ማጣቱ ስለ ከበደው አንዲቱን ማግኘቱ ሳይታወቀው ቀረ።

በሴቲቱም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። በሰርጉ ቀን ሕዝብ በነበረ ጊዜ አልቀረበችም፤ ሕዝቡ ከሄደ በኋላ የወደቀውን ለቀመች። በቅኔ ቤት ልማድ ሲታይ ሰሙ ሩዝ ነው፤ ወርቁ ግን በሌላ ሰው ላይ የተረጨ ምርቃት ነው። ለርሷ ያልተነገረውን በረከት ከመሬት ታነሣለች። ብቸኛ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ማንም ልቤን አይቶ እንዳይታዘበኝ ብሎ ደጁን ዘግቶ፥ ፊቱን አሳምሮ ይኖራል። «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ሰውም ቃሉን አምኖ ያልፋል። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ መልካም እንደ ሆነ አይቶ፥ መልካም አይደለም ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ስለ አዳም ብቻ መሆን ነበር። አዳም ግን በዚያን ጊዜ የሚበላው ሳያጣ፥ ገነትን የሚያህል ስፍራ ሳይጐድለው ነበር። ብቸኝነት በምግብና በቤት እንደማይድን ከዚህ ይታወቃል።

ዓለምም ይህን ነገር ቀስ በቀስ እያወቀ ሄዷል። ዘፋኙና ተዋናዩ ቶሚ ስቲል በ1982 ዓ.ም. በሊቨርፑል ስታንሊ በተባለው መንገድ የኤሊነር ሪግቢን የነሐስ ሐውልት አቆመ፤ ለድካሙም ዋጋ ከከተማው የጠየቀው የስድስት ሳንቲም ግማሽ ብቻ ነበር። ሐውልቱ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ በአጠገቧም ስፍራ አለ። ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች በዚያ ባዶ ስፍራ እየተቀመጡ ከርሷ ጋራ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ የዉልተኑንም መቃብር ሊያዩ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ለነሐስ ሴት አጠገቧ የሚቀመጥ አልጠፋም።

በ2018 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ደግሞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾሙ። ይህም በ2016 ዓ.ም. በሰው እጅ የተገደለችው የፓርላማ አባል ጆ ኮክስ የጀመረችውን ሥራ ተከትሎ የተደረገ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከ9 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ሁልጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ ብቸኝነት የሚሰማቸው መሆኑ ተነግሮ ነበር። ሚኒስትር መሾሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሚኒስትር የሁሉን ደጅ ሊያንኳኳ አይችልም። አንድን ደጅ ለማንኳኳት ሹመት አያስፈልግምና ይህ ለጎረቤት የቀረ ሥራ ነው።

ዘፈኑ መድኃኒት አያዝም፤ ሴቲቱ ተቀብራ፥ ካህኑ እጁን አራግፎ ታሪኩ ያልቃል። አስተዋይ ሰው ግን መድኃኒቱን በዘፈኑ ውስጥ ሳይሆን ዘፈኑ በመጣበት መንገድ ላይ ያገኘዋል። የመንደር ልጅ ለአንዲት አሮጊት ከገበያ ዕቃ ገዝቶ መጣ፤ ዕቃውን አስቀምጦ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ተቀመጠና «ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?» ብሎ የልጅነቷን ነገር ጠየቃት። ስብከት አልሰበከላትም፥ ገንዘብም አልሰጣትም፤ ጆሮውን ብቻ ሰጣት። ስለ ብቸኞች ሁሉ የሚያለቅሰው ዘፈን የተገኘው ለአንዲት ብቸኛ ሴት ከተሰጠች ከዚያች ሰዓት ነው።

ስለዚህ በቅዳሴ ጊዜ ቦታው የሳሳበት ካህን ቢኖር፥ የቀሩትን ከመቍጠሩ አስቀድሞ በጥግ የቆመችውን ይይ። በከተማ የሚኖርም የተማረ ሰው በየቀኑ በደረጃ የሚያገኘውን ሽማግሌ ስሙን ጠይቆ ይወቅ። ለቀብር የማይቀር እግር ለጥየቃ ቢቀድም ምን ይጐዳል? ሟች ለቀስተኛ እንደ በዛለት አያውቅም፤ ሕያው ግን ደጁ አንድ ጊዜ ቢንኳኳ ይሰማል።